የኡስትቮልስካያ ስድስተኛ ሶናታ፦ ይሄ ጩኸት ነው ወይስ ዜማ?

ሚሚ_ቁልፍ | እሑድ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱን የከረምኩት ከሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ከፕሮኮፊየቭ ሰባተኛ የፒያኖ ሶናታ ጋር ስታገል ነው። ሦስተኛው ክፍል ሰባት ስምንተኛ ነው፣ በየዙሩ ሰባት ምት ማለት ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት እያልኩ ስቆጥር ቤተሰቡ ሁሉ አብሮኝ መቁጠር ጀምሯል። ችክችካ የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ይደናበራል፣ አንዴ ከገባለት ግን ማቆም አይቻልም። በ1942 ጦርነቱ መሀል ተጽፎ አልቆ፣ ፒያኒስቱ ስቪያቶስላቭ ሪክተር በጥር 1943 ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ሥራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሬ ግን ስለ ፕሮኮፊየቭ አይደለም። ዓርብ ማታ እሱን ስሰማ ቆይቼ ስልኩ በራሱ ወደ ሌላ አለፈ፦ ጋሊና ኡስትቮልስካያ የምትባል ሩሲያዊት የሙዚቃ ደራሲ፣ ስድስተኛ የፒያኖ ሶናታ፣ 1988። መጀመሪያ ቅጂው የተበላሸ መሰለኝ። ተጫዋቹ ቁልፎቹን በክንዱ ነው የሚመታቸው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋሁት። ተኛሁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ተነስቼ እንደገና ከፈትኩትና እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ወደድኩት ማለት አልችልም። ግን ዛሬ ጠዋት ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ከጆሮዬ አልወጣም።

ምኑን ነው የሚሰሙት? ዜማ አለው? የምታውቁት አስረዱኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ክራር_88 | እሑድ ከምሽቱ 4፡05

ሚሚዬ፣ ያልገባሽ ነገር የለም፤ ጆሮሽ ትክክል ነው የነገረሽ። አሁን ከፍቼ ሰማሁት። አንድ ሰው ሰባት ደቂቃ ሙሉ ቢጮህብኝ ምን ሊል እንደፈለገ ቁጭ ብዬ አልመረምርም፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። የፕሮኮፊየቭ ቁጣ ቅርጽ አለው፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ሰው ሊዘፍነው የሚችል ዜማ ሰጥቶሽ ነው ወደዚያ ሩጫ የሚያስገባሽ። እዚህ ግን ምን ተሰጠኝ? እኔ ክራር ደርዳሪ ነኝ፣ አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለኝ። ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ይዞ በክንድ መጨፍለቅ ለመሣሪያው ክብር ማጣት ይመስለኛል። የተቆጣ ቢኖር ይቆጣኝ፣ የሚሰማኝን ነው የተናገርኩት።

ጣናዳር | እሑድ ከምሽቱ 5፡40

ክራር፣ አልቆጣም፤ እኔም ከአሥር ዓመት በፊት ያልኩት ይህንኑ ነው። ከዚያ ኖታውን ገዛሁት።

በመጀመሪያ በክንድ የሚመታው ነገር የዘፈቀደ አይደለም። ጎረቤታሞች የሆኑ ብዙ ኖታዎች በአንድ ጊዜ ሲመቱ ክላስተር ይባላል። የቱ ክላስተር ከየት እስከ የት እንደሚዘልቅ ተጽፏል፤ በመዳፍ የሚመታ አለ፣ በክንድ የሚመታ አለ። እነዚህ ክላስተሮች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ አንድ ቦታ ይረግጣሉ። እያንዳንዱን ክላስተር አንድ ወፍራም ኖታ አድርጋችሁ ስሙት። ያኔ ዜማው ይወጣል፤ በጣም አጭር፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ እንደ ንባብ ያለ ዜማ። አንድ ሰው በቀጭን ብዕር ሳይሆን በከሰል ሲጽፍ ፊደሉ ያው ፊደል አይደለም እንዴ?

ሁለተኛ፣ ምቱን ተመልከቱ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ሩብ ኖታ ነው። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ሁለት የለም፣ ሦስት የለም፣ ደካማ ምት የሚባል ነገር የለም። ሚሚ፣ አንቺ ሰባቱን ከፋፍለሽ ነው የምትቆጥሪው፤ እዚህ የሚከፋፈል የለም። ሁሉም ምት እኩል ክብደት አለው። ለተጫዋች በጣም ከባዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እጃችን በተፈጥሮው አንዱን አጠንክሮ ቀጣዩን ያላላል። እሷ ማላላትን ከለከለች።

ሦስተኛው ድምፁ ነው። አራት ኤፍ (እጅግ አጠንክረህ ምታ የሚል ምልክት) የተጻፈበት ገጽ ከገጽ ይከተላል። ብዙ ደራሲ ይህን ያህል ድምፅ ለመጨረሻው ጣሪያ ያስቀምጣል። እሷ ከጣሪያው ላይ ነው የጀመረችው። መውጣት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ሰሚው ከደቂቃ በኋላ «መቼ ይጨምራል?» ማለቱን ትቶ ውስጡ ያለውን ልዩነት መስማት ይጀምራል። ለእኔ የገባኝ እንደዚያ ነው።

እና ክራር፣ ሶናታው በሙሉ አይጮህም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ጩኸቱ ተቋርጦ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ቀስ ያሉ አኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ይመጣሉ። አልፈሃቸው ይሆናል።

ክራር_88 | እሑድ ከምሽቱ 5፡58

እዚያ አልደረስኩም። አልዋሽም፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው የተውኩት።

ኔቫ_84 | ሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆች፣ ይህን ርዕስ ሳይ ሻይዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ መሐንዲስ ነኝ። ግን ከ1984 እስከ 1990 ሌኒንግራድ ነው የተማርኩት፣ ያኔ በነፃ የትምህርት ዕድል ከሄዱት ከብዙዎቹ አንዱ ሆኜ። የኮንሰርት ቲኬት በተማሪ ኪስ የሚቻል ነበር፤ ክረምት ላይ የአዳራሹ ሙቀትም አንድ ምክንያት ነበር መሰለኝ። የሙዚቃ ደራሲውን የሾስታኮቪችን ሥራ እዚያ ነው የተዋወቅሁት። የኡስትቮልስካያን ስም ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከማንም አፍ አልሰማሁም። ያው ከተማ ውስጥ ነበረች! እዚያው በ1919 ተወልዳ፣ ስሙ ከፔትሮግራድ ወደ ሌኒንግራድ፣ ከሌኒንግራድ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሲቀያየር እዚያው ኖራ በ2006 ያረፈች ሴት ናት።

1988ን በደንብ አስታውሳለሁ። ተቆልፈው የነበሩ መጻሕፍት በየመጽሔቱ መውጣት የጀመሩበት ጊዜ ነው። በሰኔ ወር ሩሲያ ክርስትናን የተቀበለችበት አንድ ሺህኛ ዓመት በአደባባይ ተከበረ፤ እምነትን ደብቀው የኖሩ ሰዎች ደወል ሲሰሙ መንገድ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

የምንኖርበት ሕንፃ በር ጠባቂ አሮጊት ነበሩ። ከበባውን ያለፉ ናቸው፤ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ከተማው ተዘግቶ ሕዝቡ በረሀብ ያለቀበትን። እኚያ ሴትዮ የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛ ላይ በጣታቸው ጫፍ እየለቀሙ ይበሉ ነበር፣ በ1985። ስለዚያ ዘመን ግን አንድ ቃል አይናገሩም። ይህን ሶናታ ስሰማ እሳቸው ተናግረው ቢሆን ኖሮ ይሄንን ይሉ ነበር እላለሁ። የከበባው ሙዚቃ ነው ለእኔ።

ጣናዳር | ሰኞ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በአክብሮት። ሶናታው የተጻፈው ከበባው ካበቃ አርባ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ እሷ ደግሞ ሙዚቃዬን በዚህ ታሪክ ተርጉሙልኝ ብላ አታውቅም። ሙዚቃዬን የሚወዱ ሰዎች እንዳይተነትኑት እለምናለሁ ያለች ሰው ናት። (እኔም ማታ ያን ሁሉ ተንትኜ ካበቃሁ በኋላ ይህን ማስታወሴ አሳፈረኝ።) ስለዚህ ከበባውን በሶናታው መስማት የእርስዎ መብት ነው፣ አሮጊቷን ያወቁት እርስዎ ነዎትና። ኖታው ላይ ግን አልተጻፈም።

ኔቫ_84 | ሰኞ ከቀኑ 8፡10

ልክ ነህ ልጄ። የእኔ ትዝታ ነው እንጂ የእሷ ቃል አይደለም። እቀበላለሁ።

ሰብለ_ዜማ | ሰኞ ከቀኑ 10፡00

የሾስታኮቪች ተማሪ እንደነበረችና እሱ ሊያገባት እንደጠየቃት ማንም አላነሳም? ከማስተማሩ አልፎ በራሱ ሥራ ውስጥ የእሷን ዜማ አስገብቷል። የ1949 ትሪዮዋን፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ለፒያኖ የጻፈችውን፣ አምስተኛው የሕብረ አውታር ኳርቴቱ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። ሊሞት ሲል፣ በ1974፣ በማይክል አንጄሎ ግጥሞች በሠራው ስብስብ ላይ ደግሞ እንደገና መለሰው። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር! እሷ ግን በኋላ ዘመን ስለ እሱ ስትጠየቅ መልሷ መራራ ነበር፤ ሰውየውንም ሙዚቃውንም ገፋች። ይህን ሳውቅ ነው ሶናታዎቿን መስማት የጀመርኩት።

ብርሃን_አሽዶድ | ሰኞ ከምሽቱ 2፡45

ሰብለ፣ ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን እባክሽ በእሱ በር አናስገባት። ስለዚህች ሴት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሾስታኮቪች ነው። እሷ ከ1947 እስከ 1977 በሌኒንግራድ የሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ሙዚቃ ኮሌጅ ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ናት፤ ቦሪስ ቲሽቼንኮን ያህል ደራሲ ከእጇ ወጥቷል። ለመንግሥት ጆሮ የሚስማሙ ሥራዎችም ጽፋለች፣ መብላት ነበረባትና፤ በኋላ ግን አንድ በአንድ አውጥታ ጣለቻቸው። ዛሬ የእኔ ነው ብላ የተወችው ከሃያ ጥቂት የሚያልፍ ሥራ ብቻ ነው። በሰማንያ ሰባት ዓመት ዕድሜ!

እኔ የደረስኩባት በአስተማሪዬ በኩል ነው። እዚህ እስራኤል እኛ ከኢትዮጵያ በመጣንባቸው ዓመታት ከሶቪየት ኅብረት የመጡትም ብዙ ነበሩ፤ ፒያኖ የሚያስተምር ሰው ፈልገሽ ካገኘሽ ሩሲያዊት መሆኗ የተለመደ ነው። የእኔዋ ሻካራ እጅ የነበራት፣ ሙገሳ የማታውቅ ሴት ናት። አሥራ ሰባት ዓመቴ እያለ «ስድስተኛውን አትስሚ፣ ከአምስተኛው ጀምሪ» አለችኝ። ሚሚ፣ ላንቺም ይህንኑ ነው የምለው።

አምስተኛው ሶናታ የ1986 ነው። አራተኛውን በ1957 ከጻፈች በኋላ ለብቸኛ ፒያኖ ሶናታ ሳትጽፍ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ ነው የተመለሰችው። አሥር አጫጭር ክፍሎች አሉት። መሀል ላይ አንዲት ኖታ፣ ሬ ቤሞል (ዲ ፍላት)፣ ልክ ምሰሶ ሆና ቆማለች፤ ሁሉም ነገር በእሷ ዙሪያ ይዞራል፣ ይመታታል፣ ይርቃታል፣ ይመለሳል። እሷ ግን አትነቃነቅም። አስተማሪዬ ያቺን አንዲት ኖታ ብቻ ደጋግሜ እንድመታ ታደርገኝ ነበር፣ ሌላ ምንም ሳልነካ፣ ሩብ ሰዓት። አለቀስኩ። ከሩብ ሰዓቱ በኋላ ግን ኖታዋ አንድ መሆኗ ቀርቶ ውስጧ ብዙ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስድስተኛው ከበደኝ እንጂ አላስፈራኝም።

የቆሎ_ተማሪ | ማክሰኞ ከሌሊቱ 7፡20

ከሥራ ገብቼ ነው የማነበው፣ እዚህ ገና አመሻሽ ነው። ጣናዳር «እንደ ንባብ ያለ ዜማ» ያለው ነገር አላስቀመጠኝም።

በጥንት የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ዝናሜኒ የሚባል ዜማ አለ። ያለ መሣሪያ፣ በአንድ ድምፅ የሚዜም ነው፤ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፣ ዝላይ አያበዛም፣ ምት በሚከፋፍል መስመር (ባር) አይታሰርም፣ ቃሉን ተከትሎ ይረዝማል ያጥራል። የኡስትቮልስካያን ሥራ ያጠኑ ብዙ ሰዎች የዚህን ዜማ ጥላ በእሷ ውስጥ ያነሳሉ። አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። የዜማው ስም የመጣው «ዝናምያ» ከሚለው ቃል ነው፣ ትርጉሙም ምልክት ማለት ነው፤ በቃሉ ላይ የሚጻፉ ምልክቶች ስላሉት። የእኛስ ምን ይባላል? ምልክት! በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ድጓው ላይ ያስቀመጡት፣ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያልን በልጅነታችን በአርጩሜ የተማርነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይነጋገሩ አንዱን ነገር በአንድ ቃል ጠሩት።

እና እኔ ይህን ሶናታ ስሰማ ዝማሜ ይታየኛል። መቋሚያው ሲነሳና መሬት ሲመታ። እያንዳንዱ ምት እኩል፣ የሚቸኩል የለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው እግሩ ሲያብጥ፣ ድምፁ ሲሻክር፣ ያ ሻካራ ድምፅ ራሱ ጸሎት ይሆናል። ክራር፣ አንተ ጩኸት ያልከው ለእኔ ድካም ነው። ደክሞትም የማያቋርጥ ሰው።

ክራር_88 | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡00

ይሄ ነገር አስቆመኝ። አሁንም አልወደድኩትም፣ ግን ስለ መቋሚያው ያልከው እውነት አለው። ግን አንድ ጥያቄ፦ ሁሉንም ነገር ወደ እኛ ቅኔ ማኅሌት ማምጣት ልክ ነው? የሌኒንግራድ ሴትዮ ስለ ዝማሜ ምን ታውቃለች?

የቆሎ_ተማሪ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡25

ምንም አታውቅም፣ አላልኩምም። በምን በር እንደገባሁ ነው የነገርኳችሁ። ለሰሚ ሁሉ በሩ ከራሱ ቤት ነው የሚጀምረው፤ ጋሼ በአሮጊቷ ገቡ፣ ብርሃን በሬ ቤሞል ገባች።

ጣናዳር | ማክሰኞ ከቀኑ 6፡50

እዚህ ላይ እኔም የቆሎን እደግፋለሁ፣ ከእሷ ሥራ በመነሳት። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉትን ሲምፎኒዎቿን እዩ። ቃላቸው ከአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ከሄርማኑስ ኮንትራክቱስ የተወሰደ ነው፣ አካሉ ሽባ ሆኖ ከኖረ ሰው። ሦስተኛው «ኢየሱስ መሲሕ ሆይ አድነን» ይላል፣ 1983፣ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ። አምስተኛው፣ የመጨረሻ ሥራዋ፣ «አባታችን ሆይ» ነው በቀጥታ። ሶናታው ደግሞ በአራተኛውና በአምስተኛው ሲምፎኒ መካከል የተጻፈ ነው። በዙሪያው ሁሉ ጸሎት ከቦታል። እሱ ራሱ ግን ቃል የለውም።

ግን ልብ በሉ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሙዚቃ አይደለም፤ እሷም ይህን ለይታ ተናግራለች። መንፈሳዊ ነው፣ ሥርዓት ግን አይደለም። ሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሣሪያ አይገባም፤ ፒያኖ ደግሞ ጭራሽ።

ስለ አካሉም ልናገር፣ ምክንያቱም በመድረክ የተጫወትኩት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሲጫወቱት ያማል። የክንድ አጥንት ጥቁር ቁልፎች ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ማለቴ ነው። አንዳንዶች ሥቃዩ የሙዚቃው አካል ነው ይላሉ፣ ስለዚህም መጽሐፍ ውስጥ የጻፉ አሉ። እኔ ግን ሥቃዩን መድረክ ላይ ማሳየት ስህተት ይመስለኛል። ተጫዋቹ ፊቱን ማጨማደድ ሲጀምር ሰሚው ስለ ተጫዋቹ ማዘን ይጀምርና ሶናታው ይረሳል። መጀመሪያ የተጫወተው ኦሌግ ማሎቭ ነው፣ ሥራዎቿን ከእሷ ጋር ሆኖ የሠራ ፒያኒስት። የእሱን ቅጂ ስሙ። ደረቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ምንም ልመና የለውም። ከዚያ የማርኩስ ሂንተርሆይዘርን፤ እሱ ስድስቱንም ሶናታዎች ቀርጿል። ከ1947 ጀምሮ እስከ 1988 በተከታታይ ብትሰሙ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የአንድ ሰው አርባ ዓመት በአንድ ቁጭታ ነው። የመጀመሪያው ላይ ገና ሌላ ሰው ይሰማል። ከሁለተኛው ጀምሮ ራሷ ናት።

እና በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት! ስልክ ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣው የሚቀረው ኳኳታው ብቻ ነው። ክላስተሩ ከተመታ በኋላ ገመዶቹ ውስጥ የሚቀረው እንጉርጉሮ ነው ግማሹ ሙዚቃ።

ሚሚ_ቁልፍ | ረቡዕ ከምሽቱ 4፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ያላችሁትን አደረግሁ። ሰኞ አምስተኛውን ብቻ ሰማሁ፤ ብርሃን፣ ሬ ቤሞሏን አገኘኋት። ማክሰኞ የሩብ ሰዓቱን ሞከርኩ፣ አሥር ደቂቃ ላይ ታናሽ ወንድሜ መጥቶ ፒያኖው ተበላሽቷል ወይ አለኝ። ዛሬ ደግሞ ከጓደኛዬ ትልቅ ማዳመጫ ተውሼ ስድስተኛውን ከማሎቭ እጅ ሰማሁት።

ዜማው አለ። መጀመሪያ ቀን እንዴት እንዳልሰማሁት አላውቅም። አጭር ነው፣ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወርዳል። ልክ ሰው አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ ትንፋሽ አጥሮት እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚጀምረው። ከዚያ ያ ጸጥታ መጣ። ዓርብ ማታ እንዴት አልፌው እንደነበር ገባኝ፤ በዚያን ቀን የጠበቅሁት ጩኸቱ እንዲቆም ስለነበር ሲቆም አረፍኩ እንጂ አልሰማሁም። ዛሬ ግን አኮርዶቹ ሲመጡ ጆሮዬ በጩኸቱ ስለተከፈተ፣ ቀስ ያለው ከጩኸቱ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ መልሳ ስትመታ «ተይ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን ክፍል ውስጥ።

ጋሼ ኔቫ፣ የእርስዎን አሮጊት አሰብኳቸው። ኖታው ላይ ባይጻፍም።

ጣናዳር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልሞክረው እፈልጋለሁ። የምለማመድበት ፒያኖ አሮጌ ቋሚ ፒያኖ ነው፣ የእኔም አይደለም። ገመድ እሰብራለሁ?

ክራር_88 | ረቡዕ ከምሽቱ 4፡50

እኔም ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለአኮርዶቹ ስል። ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። ሌላውን አሁንም አልችለውም።

ጣናዳር | ረቡዕ ከምሽቱ 5፡35

ሚሚ፣ ገመድ በዚህ በቀላሉ አይሰበርም፤ ክላስተር ጉልበቱን ለብዙ ገመድ ነው የሚያከፋፍለው። የሚጎዳው ያንቺ ክንድ ነው። ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ ሹራብ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰዓትና አምባር አውልቂ። ከላይ ወርውረሽ አትምቺ፤ ክንድሽን ቁልፉ ላይ አሳርፈሽ በትከሻሽ ክብደት ተጫኚ፣ ድምፁ በዚያም ይበቃል። በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳትሄጂ።

ከክላስተሮቹ ግን አትጀምሪ። መጀመሪያ እነዚያን ቀስ ያሉ አኮርዶች ብቻ አውጪ። ሳምንት ስጫቸው። የትኛው ጣት የትኛውን ኖታ እንደሚያወጣ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ ፔዳሉን መቼ እንደምትለቂ። እነሱ በእጅሽ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ወደ እነሱ የሚያደርሰውን መንገድ ሥሪ። ኖታው ከሌለሽ በግል መልእክት ጻፊልኝ፣ የእኔን የጣት ቁጥር የተጻፈበትን አውስሻለሁ።